የእግሬ ሥርና የጠያቂዎች ወንበር

የገዛ እግራችሁን አይታችሁ ተጸይፋችሁ ታውቃላችሁ? የምጠይቃችሁ ስለ ሌላ ሰው ቁስል አይደለም። ጠዋት ታጥቦ ጫማ ስለገባው፣ ማታ ካልሲ ሲወልቅ ስለምታገኙት ስለ ራሳችሁ እግር ነው።

እኔ ደርሶብኛል። በደርግ ዘመን፣ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙም ሳልቆይ፣ ማታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ የናይለን ካልሲዬን ወደ ታች ስጠቀልል ከግራ ባቴ ላይ ብቅ የሚለው ነገር የእኔ አካል አይመስለኝም ነበር። ክረምት ሲገባ ከመሬት ወጥቶ አስፋልት ላይ የሚንፏቀቀውን ትል ታውቁታላችሁ። እሱን የመሰለ ሰማያዊና ጥምዝምዝ ሥር ከጉልበቴ ጀርባ ተነስቶ፣ ባቴን ዞሮ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ይወርዳል። በአውራ ጣቴ ስጫነው ይሰምጣል፤ ጣቴን ሳነሳ ቀስ ብሎ ይሞላል። ያ ቀስ ብሎ መሙላቱ ከሁሉ ይብስብኝ ነበር። ቆዳዬ ሥር የተደበቀ ፍጥረት እኔን ሳያስፈቅድ የሚጠጣ ይመስለኛል። ቁርጭምጭሚቴ አካባቢ ቆዳው ጠቁሮ ያሳክከኝና ይላላጥ ነበር፤ ሳከው ጥፍሬ ውስጥ የሚገባውን ቅርፊት አይቼ እራቴን የተውኩበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ነገሩ እንዴት እንደሚመጣ ላስረዳ። የማስተምረው ሳይንስ ስለሆነ ሳላስረዳ ማለፍ አይሆንልኝም። ደም ከልብ ወደ እግር ሲወርድ መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ የሚወርድን ሰው መንገዱ ራሱ ይወስደዋል። ችግሩ መመለሻው ነው። ያንን አቀበት ሸክም ይዞ የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ ጥቂት ሄዶ ቆም ማለት፣ ትንፋሽ መሰብሰብ ይፈልጋል። ደምም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ደም መልስ በሚባሉት ሥሮች ውስጥ ትንንሽ በሮች ተሠርተውለታል። ደሙ አንዱን በር ሲያልፍ በሩ ከኋላው ይዘጋና ወደ ታች እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። ወደ ላይ የሚገፋው ደግሞ የባታችን ጡንቻ ነው፤ በተራመድን ቁጥር ጡንቻው ሥሩን ይጨምቀዋል፣ ደሙም አንድ በር ከፍ ይላል። ሰው ሳይራመድ ቆሞ ከዋለ ግን ገፊ የለም። ደሙ በሩ ላይ ይከማቻል፣ በሩ ይላላል፣ በመጨረሻም ማጠፊያው እንደተነቀለ የጓሮ በር ወዲያ ወዲህ ከማለት በቀር ምንም የማይዘጋ ይሆናል። ያበጠ ሥር የምንለው መውጣት ያቃተው ደም የተኛበት ቦታ ነው።

የእኔ ሥራ ደግሞ መቆም ነበር። ጠዋት ክፍል፣ ከሰዓት ክፍል፣ ማታ በቀበሌው አዳራሽ ለጎልማሶች መሠረተ ትምህርት። በመሃል የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ አለ፤ ስኳር ገባ ከተባለ ያልተሰለፈ አያገኝም። በትምህርት ቤታችን የመምህር ወንበር የጠመኔ ሳጥንና የደብተር ክምር ማስቀመጫ እንጂ መቀመጫ አልነበረም። ተቀምጦ ያስተማረ መምህር ሰነፍ ይባላል። እኔ ደግሞ አዲስ ነበርኩና ከማንም ይልቅ ቀጥ ብዬ፣ ከሰሌዳው ፊት አንድ ቦታ ተተክዬ ነበር የምውለው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ስለ አፈር ዓይነቶች ሳስተምር ጫማዬ ውስጥ ሞቅ ያለ ነገር ተሰማኝ። ላብ መሰለኝ። እግሬን ሳንቀሳቅስ ጫማው ጨቅ አለ። ከፊት ወንበር የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች።

“ቲቸር፣ ወለሉ” አለችኝ።

ወደ ታች አየሁ። ቁርጭምጭሚቴ አጠገብ ያለው ሥር ተበስቶ ደሙ ከካልሲው ሥር እየፈሰሰ ጫማዬን ሞልቶ፣ ተርፎ የእንጨቱን ወለል እያራሰ ነበር። ምንም አላመመኝም፤ አለማመሙ ነገሩን የባሰ አስጠላው። ከፊት የተቀመጡት ልጆች እግራቸውን አንስተው ወንበራቸው ላይ ሰቀሉ። አንዱ አፍንጫውን በደብተር ሸፈነ። እኔም ብሆን የማደርገው ያንኑ ነበር።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ አስጠሩኝ። ደግ ሽማግሌ ነበሩ፤ ግን ንግግራቸው አጭር ነው።

“ልጄ፣ ልጆች ፊት እንደዚያ መሆን የለበትም። ወይ ታክመሽ ድነሽ ትመለሻለሽ፣ ወይ መጻሕፍት ክፍል ወርደሽ ቁጭ ብለሽ መጽሐፍ ታድያለሽ።”

መጻሕፍት ክፍሉ ከደረጃው በታች ያለ፣ የአይጥ ሽንትና የእርጥብ ወረቀት ሽታ የታፈነበት ጉድጓድ ነበር። እዚያ ወርዶ ወደ ክፍል የተመለሰ መምህር አላየሁም። እኔ የተማርኩት ለማስተማር ነው። ስለዚህ ሥሩ ይወጣል አልኩ።

የምንኖረው ፒያሳ፣ ከአንድ ኬክ ቤት ጀርባ ባለ አሮጌ የእንጨት ፎቅ ቤት ነበር። ድሮ የአንድ ሀብታም መኖሪያ የነበረውን ቀበሌው ለብዙ ቤተሰብ አከፋፍሎት፣ እኔና እናቴ ከላይኛው ፎቅ ሁለት ክፍል ደርሶናል። ከክፍላችን ፊት ረጅም በረንዳ፣ ከበረንዳው ጫፍ የእንጨት ደረጃ፣ ከደረጃው ግርጌ ግቢ፣ ከግቢው ማዶ የውጭ በር። ይህን አቀማመጥ ያዙልኝ፤ በኋላ ይጠቅመናል። ግድግዳ የምንጋራቸው የወሎ ሰው የሆኑ የጨርቅ ነጋዴ ሴት ነበሩ። እናቴ ያለ እሳቸው ምክር ሽንኩርት እንኳ አትገዛም።

ኦፕራሲዮን ልደረግ መሆኔን የተናገርኩ ዕለት አጎቴ ምሳ ሊበሉ መጥተው ነበር።

“ምን ቢላዋ አስፈለገ?” አሉ አጎቴ። “መጥፎ ደም ነው። ዋግምት ይደረግበትና ይውጣልሽ። እኔ ለወገቤ አድርጌ አይደለም እንዴ የዳንኩት? ቆዳውን በምላጭ ጫር ጫር፣ ከዚያ ቀንዱን ይደፉበትና በአፍ ይስቡታል። ቀንዱ ሲነሳ እንደ ጉበት የረጋ ነው የሚወጣው። ጥቁር። በጣትሽ ብትነኪው ይንቀጠቀጣል።”

“ጋሼ፣ እየበላን ነው።”

“ብይ እንጂ፣ ማን ከለከለሽ?”

እናቴ የያዘችውን ጉርሻ ትሪው ላይ መለሰች። “ሴት ልጅ እግሯን ከተተለተለች ማን ያገባታል?” አለች።

ጎረቤታችን ከበሩ ላይ ሆነው መለሱላት። “አብሽሪ፤ የሚያገባት ሰው በእሷ እግር ሊሄድ ነው እንዴ?”

ቀዶ ጥገናውን ያደረጉልኝ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የሚሠሩ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሐኪም ናቸው። በርጩማ ላይ አቁመውኝ ሥሩን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ሲከተሉት ስንት ነገር እንደጠየቅኳቸው አላስታውስም። ሥሩ ከወጣ ደሙ በየት ይመለሳል? ከጡንቻው ውስጥ ያሉት ጥልቅ ሥሮች ደህና ስለሆኑ በእነሱ ይመለሳል። ይኸኛው ምን ሲሠራ ነበር? ምንም፤ የማይሠራ ሠራተኛ ነው፣ ሌላውን ያስቸግራል እንጂ።

“መምህርት ነሽ አይደል?” አሉኝ።

“እንዴት አወቁ?”

“በሽተኛ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ያመኛል ወይ ይለኛል። አንቺ እሱን ብቻ ነው ያልጠየቅሽኝ።”

ከዚያ አሠራሩን ነገሩኝ፤ እኔም እንደነገሩኝ ላስተላልፍ። ብሽሽት ላይ አንድ ቦታ ይቀደዳል፤ ቁርጭምጭሚት ላይ ሌላ ቦታ። በታችኛው ቀዳዳ ቀጭንና ተጣጣፊ ሽቦ ወደ ሥሩ ውስጥ ይገባና በላይኛው ይወጣል። ሽቦው ጫፍ ላይ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ያለ ድብልብል ነገር አለው፤ የሥሩ ጫፍ እዚያ ይታሰራል። ከዚያ ይጎተታል። ባት ላይ የተጠማዘዙት ቅርንጫፎች ደግሞ በየቦታው በትንንሽ ቀዳዳ ተይዘው ይመዘዛሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ግን የእኔ ሥራ ነው።

“ከነገ ጀምሮ ትራመጃለሽ” አሉ። “ወይ መራመድ፣ ወይ እግርን ከፍ አድርጎ መተኛት። መቆምና እግር አንጠልጥሎ መቀመጥ የለም። ከተኛሽ ደግሞ ብዙ አትተኚ። የምትድኚው በመራመድ ነው።”

ከኦፕራሲዮኑ በፊት አንዲት ነርስ በቀዝቃዛ የሳሙና ውሃና በምላጭ እግሬን ከጣቴ እስከ ብሽሽቴ ላጨችኝ። የተላጨው ጸጉር ከሳሙናው አረፋ ጋር ጭኔ ላይ ተለጥፎ ሲወርድ ዓይኔን ጨፈንኩ። ቀጥሎ ሐኪሙ ሥሩን በሐምራዊ ቀለም ተከትለው አሰመሩት። ወገቤ ላይ በመርፌ የማደንዘዣ መድኃኒት ሰጡኝና ከእምብርቴ በታች ያለው አካሌ የሌላ ሰው ሆነ።

ሕመም አልነበረም። መጎተቱ ግን ይሰማኝ ነበር፤ ገላዬ በጠረጴዛው ላይ ወደ ታች ሸርተት ይል ነበር። ድምፅም ነበረው፤ እርጥብ ጨርቅ ቀስ ተብሎ ሲቀደድ ያለው ዓይነት። አዮዲኑ አፍንጫዬን ሞልቶታል፤ ከአዮዲኑ ሥር ደግሞ ሥጋ ቤት በጠዋት ሲከፈት የሚሸተው ሞቅ ያለ ሽታ ይመጣል። ያ ሽታ የእኔ መሆኑን ሳስብ አፌ ምራቅ ሞላ።

“ላየው እችላለሁ?” አልኩ።

ነርሷ ሐኪሙን አየቻቸው። “አሳያት፣ አለዚያ አትለቀንም” አሉ ሐኪሙ ረዳታቸውን።

ሳህኑን ወደ ፊቴ አቀረቡልኝ። ያን ያህል ዘመን ያስጠላኝ ሰማያዊ ትል ሰማያዊ አልነበረም። ደሙ ሲወጣለት ነጣ ያለ፣ ግራጫ መሰል፣ ሽቦው ጫፍ ላይ እንደ ወለቀ ካልሲ የተሰበሰበ ነገር ነበር። ለበዓል የታረደ በግ አንጀት ታጥቦ ሲገለበጥ እንዲህ ይመስላል። አንዱ ጫፉ ላይ ቢጫ ጮማ ተጣብቆበታል። ለተማሪዎቼ ልነግራቸው በሚገባ አየሁትና ከዚያ ፊቴን አዙሬ አስመለስኩ።

በሆስፒታሉ እስካለሁ ድረስ ነርሷ እየመጣች ታስነሳኝ ነበር። በኮሪደሩ ከጫፍ ጫፍ አንክሼ እመለሳለሁ፤ ያማል፣ ግን እግሬ ይቀለኛል። መከራዬ የጀመረው ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

ጥየቃ ደግ ባህል ነው። ብቻውን ታሞ ብቻውን የሚሞት ሰው እንዳይኖር የሚያደርግ ባህል ነው። ግን ደንብ አለው፤ ደንቡን ማንም አይናገረውም፣ ሁሉም ያውቀዋል። ጠያቂ ይቀመጣል፣ በሽተኛ ይተኛል። በሽተኛው ከተነሳ ጠያቂው ለምን መጣሁ ይላል። እናቴ ከየጎረቤቱ ወንበርና አግዳሚ ሰብስባ አልጋዬን ከሦስት ጎን አጠረችው፤ አራተኛው ጎን ግድግዳ ነው። ጋቢ ደራርባ አለበሰችኝ። ከዚያ ሰዉ መጣ።

ክፍሏ ጠባብ ናት፤ መስኮቱ ብርድ ያስገባል ተብሎ ተዘግቷል። እርጥብ ካፖርት፣ ራስ ላይ የቀለጠ ቅቤ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ የእግር ላብ፣ ከፋሻዬ ሥር የሚወጣው የደረቀ ደም፣ ሁሉም ተቀላቅሎ በጉሮሮዬ ይወርዳል። የሚጠጣ አጥሚት ይሰጡኛል፤ ከላዩ የረጋው ስልባቦት ከንፈሬ ላይ ይለጠፋል። ጠያቂው ሁሉ ደግሞ ማየት ይፈልጋል።

“እስቲ ግለጪው፣ ልየው።”

“ፋሻው አይፈታም ተብሏል።”

“ከላይ ከላይ ብቻ።”

ከፋሻው በላይ ጭኔ እንደ በሰበሰ ሙዝ ጠቁሮ፣ ዳር ዳሩ ቢጫና አረንጓዴ ሆኖ ነበር። ገልጠው ያዩታል፣ ከንፈራቸውን ይመጣሉ፣ ብርቱካን በላጡበት ጣት ጫን ጫን ያደርጉታል። ከዚያ ተመልሰው ይቀመጡና እንዲህ ሆኖ የሞተ ሰው ታሪክ ይጀምራሉ።

“ሐኪሙ ተራመጂ ብለውኛል” እላለሁ ለመነሳት እየሞከርኩ።

“እሱማ አልጋው ስለሚፈለግ ነው” ይላሉ አጎቴ። “ሆስፒታል ያለ ሐኪም በሽተኛ እንዲተኛ መቼ ይፈልጋል? ደግሞ ምን ነበር ያልኩት? ዋግምት ቢሆን ይሄኔ ገበያ ደርሰሽ መጥተሽ ነበር።”

“እማዬ፣ ንገሪያቸው።”

እናቴ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ትላለች። “ሰው ሥራውን ትቶ፣ ታክሲ ተሳፍሮ ሊጠይቅሽ መጥቶ ስትንጎራደጂ ቢያይሽ ምን ይላል? ሲሄዱ ትነሻለሽ።”

አይሄዱም። እነዚህ ሲሄዱ እነዚያ ይመጣሉ።

አንድ ቀን ከአጎቴ ሚስት ወገን የሆኑ ባልቴት የከረመ ቅቤ በጠርሙስ ይዘው መጡ። ለቁስል እንደ እሱ የለም አሉ። እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር፤ ስነቃ የታችኛውን ፋሻ ፈተው ቁርጭምጭሚቴን አሽተው፣ መልሰው ጠቅልለውት ነበር። ያ ቅቤ አረንጓዴ ነበር። ከገላዬ ሙቀት ጋር ቀልጦ ፋሻውን አረሰው፣ ከተረከዜ ሥር አንሶላው ላይ ተጠራቀመ። ሽታውን መግለጽ አልፈልግም፤ ዝንቦቹ ገልጸውታል። በተዘጋ መስኮት ከየት እንደገቡ ሳይታወቅ እግሬ ላይ ብቻ ያርፉ ነበር። ከራሴ እግር መሸሽ አማረኝ፤ ግን የምሸሸውም በእሱው ነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ባቴ ውስጥ ገመድ የመሰለ ደረቅ ነገር ተነስቶ አገኘሁት። ይተኩሳል፣ ቆዳው ቀልቷል፣ ስነካው ጥርሴን ያስነክሰኛል። እኔና እናቴ በታክሲ ወደ ሆስፒታሉ ሄድን።

ሐኪሙ ፋሻውን መፍታት ሲጀምሩ ቆም ብለው አሸተቱ።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“ቅቤ ነው” አለች እናቴ።

“ለእግሯ ነው ለሽሮው?”

እናቴ ወለሉን አየች። ሐኪሙ ባቴን በቀስታ ዳሰሱ፣ ቁርጭምጭሚቴን አጠፍ ዘርጋ አደረጉ፣ ሁለቱን ባቶቼን ለኩ።

“ተራምደሻል?”

እናቴን አየኋት።

“እግርሽን የቀደድኩት እኔ ነኝ፤ የታዘዝሽው ግን ለጠያቂዎችሽ ነው” አሉ። ድምፃቸውን አላነሱም። “አሁን የረጋው ደም ከላይ፣ ትንሽ ቅርንጫፍ ውስጥ ነው፤ ይሄ ይድናል። ተኝተሽ ከቀጠልሽ ግን ጥልቁ ሥር ውስጥም ሊረጋ ይችላል። እዚያ ከረጋ እግርሽ እንዳበጠ ሊቀር ነው፤ ክፍል ውስጥ መቆሙን እርሺው። ተቆርሶ ሳንባሽ ከገባ ደግሞ” አሉና ወደ እናቴ ዞሩ፤ “እናት፣ ያኔ የሚመጡት ጠያቂዎች አይደሉም። ለቀስተኞች ናቸው።”

በታክሲው ውስጥ እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ በመስኮቱ ስታይ መጣች። ቤት ስንደርስ ወንበሮቹ ላይ ሰው ነበር። አጎቴና ሌሎች ሦስት፤ ጎረቤታችን ውሃ ሰጥተው አስቀምጠዋቸዋል። እናቴ በሩ ላይ ቆማ እነሱን አየች፣ እኔን አየች። ሂዱልኝ ማለት አለባት፤ ግን በሕይወቷ እንግዳን ሂድ ብላ አታውቅም። አፏ ተከፈተና “እንደምን ዋላችሁ፣ ኧረ ተቀመጡ” የሚል ወጣበት። እኔም ተመልሼ አልጋዬ ውስጥ ገባሁ።

አጎቴ ጥቂት ቆይተው ለመሄድ ሲነሱ ግን አንድ ነገር ታየኝ። በሽተኛ አይነሳም የሚል ደንብ ካለ፣ እንግዳ ሳይሸኝ አይሄድም የሚልም ደንብ አለ። እኛ ቤት ውስጥ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል። እናቴ ሊጥ እያቦካች እንኳ እጇን ሳትታጠብ እስከ ውጭው በር የምትወጣ ሴት ናት።

“ጋሼ፣ ልሸኝዎት” ብዬ ጋቢውን ገለጥኩ።

“ተይ ልጄ፣ አንቺ በሽተኛ ነሽ።”

“እርስዎን ያህል ሰው ሳልሸኝ? ነውር አይደለም እንዴ፣ እማዬ?”

እናቴ ነውር አይደለም ለማለት አልቻለችም። “ነውር ነው” አለች ቀስ ብላ፤ አግዳሚውን ስባ መንገድ ከፈተችልኝ።

የመጀመሪያው ሽኝት አስቀያሚ ነበር። ባቴ ውስጥ ያለው ገመድ በየእርምጃው ይነክሰኛል፤ ብሽሽቴ ላይ ያለው ስፌት ይወጥረኛል። በበረንዳው ላይ የአንዱ ጎረቤት የጥቅል ጎመን ውሃ ተደፍቶ ሳንቃው ያንሸራትታል። ደረጃው ግርጌ የጋራ ሽንት ቤቱ ነው፤ ትንፋሼን ይዤ ነው የማልፈው። አጎቴ ከፊቴ ሲወርዱ ሱሪያቸው ከፍ አለና ባታቸውን አየሁ። የእኔው ዓይነት ጥምዝምዝ ሥር ነበረባቸው፤ በዙሪያውም የምላጭ ጭረት ጠባሳ ተደርድሮ። ለወገቤ ያሉት ዋግምት ለእግራቸውም ነበር።

“ምን ታያለሽ?” አሉኝ ሳይዞሩ።

“ደረጃውን ነው፣ ጋሼ።”

ውጭው በር ስንደርስ አጎቴ በሽተኛ ብቻዋን እንድትመለስ መተው ከበዳቸው። ክንዴን ይዘው ደረጃውን ወጥተው ክፍሌ ድረስ መለሱኝ። አሁን ደግሞ እሳቸው እንደገና ሊሄዱ ነው፤ ሳይሸኙ መሄድ የለም። እንደገና ወረድን። እንደገና ሊመልሱኝ ሲሉ ጎረቤታችን በበረንዳው ተደግፈው ይስቁ ነበር።

“እናንተ ሰዎች፣ ዛሬ ሠርግ ነው እንዴ? ይሄ ሁሉ ሽኝት ለአንድ ሽማግሌ?”

ግን ገብቷቸዋል። ጥቂት ቆይተው ብርቱካን ይዘው ገቡ፣ ከወንበሩ ጫፍ ተንጠለጠሉ፣ “እንደምን ነሽ? ደህና ነሽ? አልሃምዱሊላህ። በይ ተነሺ፣ ሸኚኝ” አሉ። ቤታቸው ከግድግዳው ማዶ ነው፤ እሳቸው ግን እስከ ውጭው በር መሸኘት አለብኝ አሉ። ከዚያ አንድ ነገር ረስቻለሁ ብለው ተመለሱ፣ እንደገናም ተሸኙ። በቀኑ ውስጥ እንዲህ እያሉ ስንቴ እንደሚጠይቁኝ መቁጠር ተውኩ።

ከዚያ በኋላ እናቴ ራሷ በሩ ላይ መቆም ጀመረች። የመጣውን ሁሉ ታስገባለች፣ ታስቀምጣለች፣ ብርቱካኑን ትቀበላለች፤ ገና ወሬው ሞቅ ሳይል “ልጄ ትሸኛችኋለች፣ ሁለት ሁለት እየሆናችሁ” ትላለች። ሊቆጣ የሚችል አልነበረም፤ መሸኘት ክብር ነው። ባለቅቤዋ ባልቴት ሌላ ጠርሙስ ይዘው ሲመጡ፣ እናቴ ጠርሙሱን በሁለት እጇ ተቀብላ እኔን አስነስታ እስከ ውጭው በር አሸኘቻቸው። ቅቤውን ያፈሰሰችው ወደ ሽንት ቤቱ ነው። በዚያ ጉድጓድ ሽታ ላይ እንኳ ሽታው ተለይቶ ይታወቅ ነበር።

ገመዱ ቀስ በቀስ ለሰለሰ፣ ጥቁረቱ ቢጫ ሆነ፣ ቢጫውም ሄደ። ክፍል የተመለስኩ ዕለት ርዕሰ መምህሩ በሩ ላይ ቆመው አዩኝ። እንደ ድሮው ከሰሌዳው ፊት አልተተከልኩም፤ በወንበሮቹ መሃል እየተመላለስኩ ነበር የማስተምረው።

“ምነው አንድ ቦታ አልረጋ አልሽ?” አሉኝ።

“ከረጋሁ ደሜ ይረጋል” አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። መጻሕፍት ክፍል ዳግመኛ አልተነሳም። ልጆቹ ግን ማን ከማን እንደሚቀዳ ስለማይ በመመላለሴ ደስ አላላቸውም።

እግሬ ዛሬም አያምርም። ቀዳዳዎቹ የነበሩበት ቦታ ነጫጭ ጠባሳ አለ፤ ቁርጭምጭሚቴ እንደጠቆረ ቀርቷል። የከረመ ቅቤ የገባበት ወጥ ሲቀርብልኝ እስከ አሁን ትሪውን ገፋ አደርጋለሁ፤ የታጠበ አንጀት ማየትም አልወድም። በሁለቱም እግሬ ግን እቆማለሁ፤ ከመቆም ይልቅ ደግሞ እራመዳለሁ።

አሁን አንድ ነገር ልለምናችሁ። እግሩን የታከመ ሰው፣ ሐኪሙ ተራመድ ያለው ሰው፣ በሰፈራችሁ አይጠፋም። ልትጠይቁት ስትሄዱ ብርቱካኑን ውሰዱ፤ ቅቤውን ግን ቤታችሁ ተዉት። ፋሻህን ግለጥ አትበሉት፤ ታዩታላችሁ፣ ትጸየፋላችሁ፣ እሱም መጸየፋችሁን ያያል። ወንበር ሲሰጧችሁ ጫፉ ላይ ጥቂት ተቀመጡና ተነሱ። በሩ ላይ ስትደርሱ ወደ አልጋው ዞር ብላችሁ “ሸኘኝ እንጂ” በሉት። በሽተኛ አስነሳ ይሉኛል ብላችሁ አትፈሩ። ክንዳችሁን ስጡት፣ ቀስ ብላችሁ እስከ ውጭው በር አብራችሁት ሂዱ፣ ከዚያ መልሱት፣ ከቻላችሁ እንደገና ተሸኙ። እስቲ አንድ ጊዜ ሞክሩት።